የሐይቅ አልጌ ወረራን አስቀድሞ መተንበይ፦ ከመጀመሪያው ናሙና እስከ ማስጠንቀቂያው መነሳት

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የቶሌዶ ከተማ ነዋሪዎች የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ፣ አፍልተውም እንዳይጠቀሙበት ተነገራቸው። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ቧንቧው እየፈሰሰ የሚጠጣው አጣ። ምክንያቱ በኢሪ ሐይቅ ላይ የተራባው ሳያኖባክቴሪያ (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ) የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የተባለ የጉበት መርዝ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚያ ዓመት ሐይቁ ላይ የታየው የአልጌ ብዛት ከ2011ም ከ2015ም ያነሰ መሆኑ ነው። ችግሩን ያከበደው ንፋሱና የውሃው እንቅስቃሴ ያንን አልጌ ነድተው የከተማዋ የውሃ መሳቢያ ላይ ማድረሳቸው ነበር።

ስለዚህ ትንበያ የሚጀምር ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው «ሐይቁ ውስጥ ምን ያህል አልጌ አለ፣ ምን ያህልስ ይጨምራል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ያለው አልጌ ነገና ከነገ ወዲያ የት ይገኛል? ላይ ይንሳፈፋል ወይስ ወደ ታች ይቀላቀላል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው በሳምንታትና በወራት የሚለካ ሲሆን ንጥረ ነገርና ሙቀት ይወስኑታል። ሁለተኛው በሰዓታትና በቀናት የሚለካ ሲሆን ንፋስ ይወስነዋል። አንድ ሌሊት ሲነጋ ዳርቻው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ሲመስል ብዙ ሰው «አልጌው በአንድ ሌሊት ተራባ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልጌው ከሳምንት በፊትም ውሃው ውስጥ ተበታትኖ ነበር። ያ ሌሊት ያደረገው ነገር ቢኖር ንፋሱን አቁሞ ወደ ላይ እንዲንሳፈፍ መፍቀድ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ቀመር የጨፈለቀ ትንበያ የቱንም በደንብ አይመልስም።

ደረጃ 1፦ ትንበያው ለየትኛው ውሳኔ እንደሆነ ጻፉ

ለዋና (ለመዋኛ) ስፍራ ኃላፊ የሚጠቅመው ትንበያ ለውሃ ማጣሪያ ጣቢያ አይጠቅምም። ዋናተኛው የሚነካው የላይኛውን ውሃ ስለሆነ ለእሱ የሚያስፈልገው የአንድ እስከ ሦስት ቀን የገጽታ ትንበያ ነው። ማጣሪያ ጣቢያው ውሃ የሚስበው ከበርካታ ሜትር ጥልቀት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚፈልገው በዚያ ጥልቀት የሚሆነውን ነው፤ ኬሚካል ለማዘጋጀትና ተረኛ ባለሙያ ለመመደብ ደግሞ እስከ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ማወቅ ይኖርበታል። በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤት ወቅቱ ከመግባቱ በፊት «ዘንድሮ ከባድ ነው ወይስ ቀላል?» የሚለውን ብቻ ማወቅ ሊበቃው ይችላል።

ውሳኔው ከታወቀ በኋላ የሚተነበየውን ነገር አዎ ወይም አይ በሚያስብል አንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩት። ለምሳሌ፦ «በሚቀጥሉት 3 ቀናት በዋና ስፍራው ያለው ክሎሮፊል (የአልጌ ብዛት የሚለካበት አረንጓዴ ቀለም) በሊትር ከ24 ማይክሮግራም ያልፋል ወይስ አያልፍም?» ቦታ፣ ጊዜና ቁጥር የሌለው ትንበያ ትክክል ይሁን ስህተት ለማረጋገጥ አይቻልም።

ቁጥሩን ከራሳችሁ አታምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመዝናኛ ውሃ ካስቀመጣቸው የጥንቃቄ ደረጃዎች መጀመር ይቻላል። ሳያኖባክቴሪያ በሚበዛበት ውሃ ክሎሮፊል በሊትር 12 ማይክሮግራም ሲደርስ አንደኛው፣ 24 ሲያልፍ ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው። ስለ መርዙ ስለራሱ ድርጅቱ ለማይክሮሲስቲን ያስቀመጠው መጠን ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ በሊትር 1 ማይክሮግራም፣ ለአጭር ጊዜ ለሚጠጣ 12፣ ለዋናና ለመዝናኛ 24 ማይክሮግራም ነው። የአገራችሁ ሕግ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ የአገራችሁን ውሰዱ።

ደረጃ 2፦ ሐይቁ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ለዩ

አረንጓዴ ውሃ ሁሉ መርዛም አይደለም። አብዛኛው አልጌ የዓሣና የጥቃቅን እንስሳት ምግብ ነው። በጨው አልባ ሐይቆች ዋናው ሥጋት ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ እየተባለ የሚጠራው ሳያኖባክቴሪያ ነው። በባሕርይው ባክቴሪያ ሲሆን እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል።

ለመጀመሪያ ግምት ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። ጓንት አድርጋችሁ ክዳን ያለው የብርጭቆ ጠርሙስ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ በሐይቁ ውሃ ሙሉ፤ ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳታነቃንቁ አሳድሩት። ጠዋት አረንጓዴው ነገር ከላይ ቀለበት ሠርቶ ከተንሳፈፈ ሳያኖባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከታች ከዘቀጠ ሌላ ዓይነት አልጌ ነው ማለት ይቻላል። በእንጨት መፈተንም ይረዳል። እንጨቱን ነክራችሁ ስታወጡት እንደ ፀጉር የሚንጠለጠል ክር ከያዘ ሌላ የክር አልጌ ነው፤ ቀለም እንደተቀባ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ሁለቱም ዘዴዎች ስለ መርዝ መኖርና አለመኖር ምንም አይናገሩም።

ከዚህ በኋላ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዝርያው ጠባይ ትንበያውን ይለውጠዋል። ማይክሮሲስቲስ በሴሎቹ ውስጥ ባሉት የጋዝ ከረጢቶች ይንሳፈፋል፤ ትልልቅ ስብስቦቹ ጸጥ ባለ ውሃ በሰዓት ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ዶሊኮስፐርመም ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ ስለሚችል ውሃው ውስጥ ናይትሮጅን ማነሱ አይገታውም። ፕላንክቶትሪክስ ሩቤሰንስ ደግሞ እንደ ዙሪክ ባሉ ጥልቅ ሐይቆች በበጋ ከገጽታው በታች በርካታ ሜትር ወርዶ፣ ሙቁ ውሃ ከቀዝቃዛው በሚገናኝበት ንብርብር ላይ ይከማቻል። ሐይቃችሁ ይህን ዝርያ የያዘ ከሆነ ላዩን ብቻ የሚያይ ሳተላይትም ሆነ የዳርቻ ቅኝት «ውሃው ንጹሕ ነው» ብሎ ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ደረጃ 3፦ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳያቋርጡ መለካት

ውድ መሣሪያ አንድ ጊዜ ገዝቶ ለወራት ከመተው ይልቅ ርካሽ ነገር ይዞ በየሳምንቱ ሳያቋርጡ መለካት በብዙ ይበልጣል። ትንበያ የሚማረው ከተከታታይ መዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ አልጌ በሌለበት ጊዜም መቀጠል አለበት። አልጌ ሲታይ ብቻ የሚወሰድ ናሙና ወረራው ከምን እንደተነሳ አይነግርም።

የልኬት ሰዓታችሁን አትቀያይሩ። ጠዋት ንፋስ በሌለበት አልጌው ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ይበታተናል። ሰኞ ጠዋት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከሰዓት የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ልዩነት ስለ ሐይቁ ሳይሆን ስለ ሰዓቱ የሚናገር ይሆናል።

በየጊዜው ሁለት ዓይነት ናሙና ውሰዱ። አንዱ ከገጽታው ነው። ሌላው ከላይ እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ያለውን ውሃ በቱቦ አንድ ላይ የሚይዝ ነው። የገጽታው ከቱቦው በብዙ እጥፍ ከበለጠ አልጌው ተንሳፏል፤ ከተቀራረቡ ተቀላቅሏል። ከመግቢያው ላይ የጠቀስኳቸው ሁለት ጥያቄዎች የሚለያዩት በዚህ ቀላል ንጽጽር ነው፦ የቱቦው ናሙና ስለ ብዛት፣ የሁለቱ ልዩነት ስለ አቀማመጥ ይናገራል። በጀት ሲያጥር ብዙዎች መጀመሪያ የሚሰርዙት ይህን ሁለተኛ ናሙና ነው፤ እኔ ግን ከብዙ ውድ ልኬት አስቀድሜ አቆየዋለሁ።

በየሳምንቱ የሚለካው ይህ ነው፦

የውሃው ጥራት፦ ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የሴኪ ሰሌዳ በገመድ ይወርዳል፤ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው ይህ ዘዴ ዛሬም አልተሻረም።

የሙቀት መጠን በየ1 ሜትሩ፣ ከገጽታ እስከ ወለል። ከወለሉ በላይ ያለው ኦክስጅንም አብሮ ይለካ።

ክሎሮፊልና ፋይኮሳያኒን። ክሎሮፊል አልጌ ሁሉ አለው፤ ፋይኮሳያኒን ግን የሳያኖባክቴሪያ ዋና መለያ ቀለም ነው። በውሃ ውስጥ የሚንጠለጠል መለኪያ በጠንካራ ፀሐይ ከገጽታው አጠገብ ትክክለኛውን መጠን አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ በየጊዜው ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር አመሳክሩት።

አልጌን የሚመግበው ጠቅላላ ፎስፈረስ፣ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ። ጠቅላላውን የምለው የሟሟው ብቻ ስለሚያታልል ነው። አልጌው በተራባበት ሰዓት የሟሟውን ፎስፈረስ ጠጥቶ ስለሚጨርሰው ልኬቱ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል፤ ፎስፈረሱ ግን አልጌው ሆድ ውስጥ አለ።

ንፋስ፣ በተቻለ መጠን ከሐይቁ አጠገብ፣ በየሰዓቱ።

ናሙና ቀጂው ረጅም ጓንትና ቦት ጫማ ያድርግ፤ ወፍራም አልጌ በተኛበት ላይ ጀልባ በፍጥነት አይንዳ፤ የሚረጨውን ጤዛ መተንፈስም ጎጂ ነው። ውሻና ከብት ከአጠገቡ ይራቁ፤ ከዳርቻ ላይ ከተጠራቀመ አልጌ ጠጥተው የሞቱ እንስሳት ብዙ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ሳተላይቱን መጠቀም፣ ግን ገደቡን አውቆ

የአውሮፓ ህብረት ሴንቲኔል 3 ሳተላይቶች ያነሱትን ምስል ማንም ያለክፍያ ማግኘት ይችላል። የምስሉ አንድ ነጥብ 300 ሜትር በ300 ሜትር ነው፤ ቀለሙን የሚለይባቸው የብርሃን መስመሮች ሳያኖባክቴሪያን ከሌላው አልጌ ለመለየት ያስችላሉ። ዳርቻውን የነካ ነጥብ የመሬትና የውሃ ድብልቅ ስለሆነ ይጣላል፤ ስለዚህ ሐይቁ ከአንድ ኪሎ ሜትር እጅግ የጠበበ ከሆነ የሚተርፍ ነጥብ አይኖርም። ለጠባብ ሐይቅ ሴንቲኔል 2 ይሻላል። ዝርዝሩ እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን ፋይኮሳያኒንን በቀጥታ የሚለይ የብርሃን መስመር ስለሌለው አረንጓዴው ማን እንደሆነ አያረጋግጥም።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። ደመና የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ሳተላይት የሚያየው የላይኛውን ስስ ንብርብር ብቻ መሆኑ ነው፤ ትናንት ኃይለኛ ንፋስ ከነበረ ዛሬ ምስሉ ላይ አልጌው የጠፋ ይመስላል፤ እሱ ግን ወደ ታች ተቀላቅሎ ነው። በኢሪ ሐይቅ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ለማለፍ የ10 ቀን ምስሎችን ደርድረው ለእያንዳንዱ ነጥብ ከፍተኛውን ዋጋ ይወስዳሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከ10 ቀን ውስጥ ቢያንስ በአንዱ ንፋስ ረግቶ አልጌው ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ወጥመድ ሳተላይት መርዝን አለማየቱ ነው፤ የሚያየው ቀለም ነው።

ደረጃ 5፦ የወቅቱን ክብደት መገመት

የወቅት ትንበያ መሠረቱ ፎስፈረስ ነው። በካናዳ የሙከራ ሐይቆች አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች 226 የተባለውን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ብቻ፣ በሌላው ወገን ደግሞ በካርቦንና በናይትሮጅን ላይ ፎስፈረስ ጨምረው አፈሰሱ። ፎስፈረስ የተጨመረበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው ግን ጠራ እንዳለ ቀረ። ናይትሮጅን አያገባውም ማለት ግን አይደለም፤ በተለይ ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ ለማይችለው ማይክሮሲስቲስ ብዛቱንም መርዛማነቱንም ይነካል።

ወደ ሐይቁ በወንዝ የሚገባውን ጭነት ለማስላት የውሃውን ፍሰት በፎስፈረሱ መጠን ማባዛት ነው። እንበል ወንዙ በሰከንድ 50 ሜትር ኩብ ይፈስሳል፤ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ፎስፈረስ አለው። 50 ሜትር ኩብ 50,000 ሊትር ነው፤ በ0.2 ሲባዛ 10,000 ሚሊግራም፣ ማለትም በሰከንድ 10 ግራም ይሆናል። በቀን 86,400 ሰከንድ ስላለ ውጤቱ በቀን 864 ኪሎ ግራም ነው። ይህን በየቀኑ እየደመራችሁ ወቅቱ እስኪገባ ድረስ ያዙት።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም የሚበላሸው በናሙናው ነው። ፎስፈረሱ በብዛት የሚገባው ከባድ ዝናብ ዘንቦ ወንዙ በሚሞላባቸው ጥቂት ቀናት ነው። በወር አንድ ቀን፣ ያውም ወንዙ በረጋበት ጊዜ የተወሰደ ናሙና ዋናውን ጭነት ሙሉ በሙሉ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ የናሙና ቁጥራችሁ ውስን ከሆነ አብዛኛውን ለጎርፍ ቀናት አስቀምጡ።

በኢሪ ሐይቅ ምዕራባዊ ክፍል የሚወጣው የወቅት ትንበያ የሚመሠረተው የማውሚ ወንዝ ከማርች እስከ ጁላይ ባስገባው ፎስፈረስ ላይ ነው። ይህን ዘዴ ወደ ሌላ ሐይቅ ቀጥታ መገልበጥ ግን አይገባም። እዚያ የሠራው ክፍሉ ጥልቀት የሌለው ስለሆነ፣ አንድ ወንዝም አብዛኛውን ጭነት ስለሚያመጣ ነው። ውሃው ለዓመታት በሚቆይበት ሐይቅ አሮጌው ፎስፈረስ ከደለሉ ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። የወለሉ ኦክስጅን በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ከብረት ጋር ተጣብቆ የኖረው ፎስፈረስ ይለቀቃል፤ ዘንድሮ ወንዙ ምንም ባያመጣም ሐይቁ ራሱን ሊመግብ ይችላል። በአማካይ 2 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው የቻይናው ታይሁ ሐይቅ ደግሞ ንፋስ ብቻውን ደለሉን እያነሳ ይበጠብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደይ መጨረሻ በዚያ ሐይቅ የፈላው አልጌ በዉሺ ከተማ 2 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ የቧንቧ ውሃ አሳጥቷል።

በሐይቃችሁ ከ8 እስከ 10 ዓመት የሚሆን የጭነትና የአልጌ መዝገብ ከሌለ የወቅት ትንበያን በቁጥር አታውጡ። «ከአማካይ በላይ»፣ «በአማካይ»፣ «ከአማካይ በታች» ማለት ይበቃል።

ደረጃ 6፦ የሳምንቱን ሥጋት ማስላት

ንጥረ ነገሩ ካለ ቀጣዩ ጥያቄ የአየሩ ሁኔታ ለአልጌው ይመቸዋል ወይ የሚል ነው። በየሳምንቱ የምትጠይቁት አራት ነገር አለ። የገጽታው ውሃ ከ20 ዲግሪ አልፏል? ብዙዎቹ ሳያኖባክቴሪያዎች በጣም የሚመቻቸው 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው፤ ሌሎች አልጌዎች በዚያ ሙቀት ሲደክሙ እነሱ ይበረታሉ። ሐይቁ በንብርብር ተከፍሏል? በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሙቀቱ በ1 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚወርድበት ቦታ ካለ ሙቁ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር አይቀላቀልም፤ ተንሳፋፊው አልጌ ብርሃን ያለበትን ክፍል ይይዛል። ባለፉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ጎርፍ ገብቷል? በቱቦው ናሙና ያለው ፋይኮሳያኒን ካለፈው ሳምንት ጨምሯል?

ለእያንዳንዱ አዎንታ አንድ ነጥብ ስጡ፤ ለመጨረሻው ሁለት ስጡት። በልምድ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ መረጃ የሚሰጠው እሱ ነው። ይህ የነጥብ አሰጣጥ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የሁለት ዓመት መዝገብ ሲኖራችሁ ክብደቶቹን ከሐይቃችሁ መረጃ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ በኋላ በስታቲስቲክስ የሚሠራ ሞዴል፣ ለምሳሌ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን መሞከር ይቻላል። በጥቂት መቶ ናሙና ላይ የተወሳሰበ የማሽን ትምህርት ሞዴል መጫን ግን አልመክርም። ያለፈውን በሚያምር ሁኔታ ይሸመድዳል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ሲጠየቅ ግን ይሳሳታል።

ደረጃ 7፦ አልጌው ነገ የት ይሆናል?

እዚህ ላይ ንፋስ ሁሉን ይገዛል። በኢሪ ሐይቅ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ንፋሱ በሰከንድ ከ7.7 ሜትር ገደማ ሲያልፍ አልጌው ከገጽታው ተነስቶ ወደ ታች ይቀላቀላል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይወጣል። የእናንተ ሐይቅ ትንሽና በተራራ የተከለለ ከሆነ ቁጥሩ ይለያል፤ የንፋስ መዝገባችሁን ከገጽታና ከቱቦ ናሙናዎች ልዩነት ጋር አነጻጽራችሁ የራሳችሁን ወሰን አውጡ።

ንፋሱ ከዚያ በታች ሲሆን ላይ የተንሳፈፈው አልጌ ንፋሱ ወደሚነፍስበት ይነዳል። የላይኛው ውሃ በግርድፉ የንፋሱን ፍጥነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይይዛል። በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ ለስላሳ ንፋስ አልጌውን በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ሳንቲሜትር ይነዳዋል ማለት ነው፤ በአንድ ሙሉ ቀን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ካርታና ማስመሪያ በቂ ነው፦ ከሳተላይት ምስሉ ላይ የአልጌውን ጠርዝ አስምሩ፣ የንፋስ ትንበያውን በየ6 ሰዓቱ ከፋፍሉ፣ ጠርዙን በየእርምጃው አንቀሳቅሱ። በትልቅ ሐይቅ የውሃው የራሱ ዝውውር ስላለ ከሁለት ቀን በላይ በዚህ ዘዴ አትመኩ፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ የውሃ ዝውውር ሞዴል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ በቂ ትኩረት የማይሰጠው ነገር አለ፦ አንዱ ንፋስ ለሁለት ተጠቃሚዎች ተቃራኒ ትርጉም ይኖረዋል። ወደ ዳርቻው የሚነፍስ ለስላሳ ንፋስ ለዋና ስፍራው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከመላው ሐይቅ የተበተነውን አልጌ ጠርጎ አንድ ጥግ ላይ ያከማቸዋል። በሐይቁ መካከል ክሎሮፊሉ ቀላል ሆኖ ሳለ ዳርቻው ላይ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ የሚችለው ለዚህ ነው። በዚያው ቀን ጥልቀት ላይ ለተተከለው የውሃ መሳቢያ ሁኔታው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ ንፋስ ሲመጣ ግን ዳርቻው ይጸዳል፣ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ መሳቢያውም ያንን ይስባል። ዋና ስፍራው «አደጋው አለፈ» ሲል በማጣሪያ ጣቢያው ሊጀምር ነው። ለሁለቱም አንድ ማስታወቂያ የሚያወጣ ትንበያ ለአንዱ የግድ የተሳሳተ መልእክት ይሰጣል። ለየብቻ ጻፉላቸው።

ደረጃ 8፦ ትንበያው ከ«እንደ ትናንቱ ይሆናል» ይሻላል?

ማንኛውም ትንበያ መጀመሪያ የሚወዳደረው ምንም ጥበብ ከሌለው ግምት ጋር ነው፦ «ነገም እንደ ዛሬው ይሆናል»። አልጌ ከቀን ወደ ቀን ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆናል። ሞዴላችሁ ይህን ካላሸነፈ ገና ለሕዝብ አይቀርብም። የምታሸንፉት ደግሞ ሁኔታው በሚለወጥባቸው ቀናት ነው፤ ፍተሻውን እነሱ ላይ አተኩሩ።

«90 በመቶ ትክክል ነው» በሚል አባባል አትማረኩ። ከ100 ቀን 12ቱ ብቻ የአልጌ ቀን ቢሆኑ፣ በየቀኑ ዓይኑን ጨፍኖ «የለም» የሚል ሰው 88 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ ነገር ግን አንድም አደጋ አላስጠነቀቀም። ሁለት ቁጥሮችን ለየብቻ ያዙ፦ ከተከሰቱት ስንቱን አስቀድማችሁ አስጠነቀቃችሁ? ካስጠነቀቃችሁት ስንቱ ሳይከሰት ቀረ?

ፍተሻው ላይ ሁለት ነገር ውጤቱን በሐሰት ያሳምረዋል። አንዱ ናሙናዎችን በዘፈቀደ ለመማሪያና ለመፈተኛ መከፋፈል ነው። የማክሰኞ ናሙና ለመማሪያ፣ የረቡዕ ለፈተና ከገባ ሞዴሉ መልሱን አስቀድሞ አይቶታል። በዚህ ፈንታ አንድ ሙሉ ዓመት አውጥታችሁ በቀሩት አስተምሩ፤ በወጣው ፈትኑ፤ ለየዓመቱ ድገሙት። ሁለተኛው ያለፉትን ዓመታት ስትፈትኑ በትክክል የነፈሰውን ንፋስ መጠቀም ነው። በዕለቱ እጃችሁ ላይ የሚኖረው የንፋስ ትንበያ እንጂ የነፈሰው ንፋስ አይደለም። የድሮ የአየር ትንበያዎችን ማግኘት ከተቻለ በእነሱ ፈትኑ፤ ካልሆነ ከዛሬ ጀምራችሁ በየቀኑ የሚወጣውን ትንበያ አስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ መቼ ማስጠንቀቅ፣ ምን ብሎ

ማስጠንቀቂያ የሚወጣበት ዕድል 50 በመቶ መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። ወጪውን አስሉ። ለአንድ ቀን ጥንቃቄ ማድረግ የሚያስወጣው ወጪ ሳይዘጋጁ ከሚደርሰው ጉዳት አንድ አምስተኛ ከሆነ፣ ዕድሉ 20 በመቶ ሲያልፍ ማስጠንቀቅ ያዋጣል። ሆስፒታልን ለሚያጠጣ ማጣሪያ ጣቢያ ከዚያም ዝቅ ሊል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ የኩላሊት እጥበት ይደረግላቸው የነበሩ ከ50 በላይ ሕሙማን የሞቱት ለእጥበቱ የዋለው ውሃ የሳያኖባክቴሪያ መርዝ ስለነበረበት ነው።

መልእክቱ መቼ እንደወጣ፣ የት እንደሚመለከት፣ እስከ መቼ እንደሚጸና፣ ዕድሉ ስንት በመቶ እንደሆነና ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገር። ውሃን ማፍላት ማይክሮሲስቲንን እንደማያጠፋ በግልጽ ይጻፍበት፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ መርዙ በቀረው ውሃ ውስጥ ይበልጥ ይጠናከራል። ለማጣሪያ ጣቢያው ደግሞ ተጨማሪ ምክር ይኑር፦ አክቲቬትድ ካርቦን (መርዙን ከውሃው የሚይዝ ከሰል) አዘጋጁ፤ ሴሎቹ ሳይወገዱ ውሃው መጀመሪያ ላይ ክሎሪን አትጨምሩ። ሴሎቹ ሲፈነዱ በውስጣቸው ያለውን መርዝ ወደ ውሃው ይለቁታልና። አልጌ በተስፋፋበት መሳቢያ አካባቢ ኮፐር ሰልፌት (አልጌ ገዳይ ኬሚካል) መርጨትም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው።

ደረጃ 10፦ ማስጠንቀቂያውን ማንሳት

ከማውጣቱ ይልቅ ማንሳቱ ከባድ ነው። አረንጓዴው ሲጠፋ ሰው ሁሉ «ይነሳልን» ይላል፤ ግን አልጌው የጠፋው በንፋስ ከሆነ የት እንደሄደ፣ ሞቶ ከሆነ መርዙ የት እንደደረሰ መታወቅ አለበት። ሴሎቹ በጅምላ ሲሞቱ ማይክሮሲስቲን ሟሙቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሳተላይቱ ጥርት ያለ ውሃ ያሳያል፣ ክሎሮፊሉ ይወርዳል፣ የሴኪ ሰሌዳው በጥልቀት ይታያል፤ የመርዝ ምርመራ ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው።

እኔ የምመክረው በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ ሁለት ተከታታይ ናሙናዎች ከወሰኑ በታች እስኪሆኑ መጠበቅን ነው። ናሙናው ሴሎቹ እንዲፈነዱ ተደርጎ ጠቅላላ መርዙ የሚለካበት ይሁን፤ ንፋሱ በረጋ ጠዋት፣ ንፋሱ አልጌውን ይነዳበት ከነበረው ዳርቻ ይወሰድ። ማጣሪያ ጣቢያ ከሆነ ከመሳቢያው ጥልቀትም፣ ታክሞ ከሚወጣው ውሃም ይጨመርበት። ማስጠንቀቂያው በተነሳበት ቀን ትንበያው ምን ይል እንደነበርና በትክክል የሆነውን አጠገብ ላጠገብ መዝግቡ፤ የሚቀጥለው ወቅት ክብደቶች የሚስተካከሉት ከዚያ ሰንጠረዥ ነው።